ስለ ሁለት ድመቶችና ስለ ዳኝነት

ሰው ጠብ ባየ ጊዜ ከአፉ ፈጥኖ የሚወጣው ጥያቄ «ማን ጀመረው?» የሚል ነው። እናት ልጆቿን፥ መምህር ተማሪዎቹን፥ ሽማግሌ የተጣሉ ጐረቤታሞችን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በሰዎች መካከል ሕግና ፍርድ ያለ እርሱ ሊቆሙ አይችሉም። ዳሩ ግን ይህ ጥያቄ ምንም የማይፈታበት፥ እንዲያውም ጠቡን የሚያብስበት ጊዜ አለ። ይህን ጕዳይ በሚገባ እንድመረምረው ያደረጉኝ በቤቴ የሚኖሩ ሁለት ድመቶች ናቸው።

«ሽማግሌው ሥራ ቢፈታ ስለ ድመት ይጽፍልን ጀመር» የሚል ወጣት አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን እስኪ ጥቂት ይታገሠኝ። የሰውን ጠብ በምንሰማበት ጊዜ እያንዳንዳችን በልባችን ከአንዱ ወገን መቆማችን አይቀርም። በሌላ ሰው ቤት ስላሉ ድመቶች ስናነብ ግን ዘመድም ባላጋራም የለንምና ነገሩን አጥርቶ ለማየት ይቀለናል።

የምኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ብርዷ የታወቀ ነው፤ በክረምት ወራት ከማንደጃው ዳር ያለ ቦታ እንደ ርስት ይቈጠራል። የዚህ ርስት ባለቤት ለዘጠኝ ዓመት አንዲት ግራጫ ድመት ነበረች። አረማመዷ የኩሩ ወይዘሮ አረማመድ ስለ ሆነ ልጆቹ «እመት» ይሏታል። በ2014 ዓ. ም. በሐምሌ ወር ጐረቤቶቻችን ወደ አዲስ አበባ ሲዛወሩ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ዥንጉርጉር ወንድ ድመት ነበራቸውና፥ እኔ ከቤት ባልነበርሁበት ቀን በቅርጫት አምጥተው ማድ ቤታችን ውስጥ ለቀቁት። እርሱንም ልጆቹ «ነብሮ» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ። እመት ነብሮን ባየች ቍጥር ፀጕሯን አቁማ፥ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ «ፍሽ» ትላለች፤ ሲጠጋትም ትቧጭረዋለች። ነብሮ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብዙ ሳይቈይ ቤተ ሰቡ ሁሉ «ይህች አሮጊት ምቀኛ ናት፤ ልጁ ምን አደረጋት?» ብሎ ፈረደ። በጮኸች ጊዜ ወንዱ የልጅ ልጄ ነጠላ ጫማውን ይወረውርባታል፤ ሠራተኛችን በመጥረጊያ ከማድ ቤት ታስወጣታለች። እመትም ከማንደጃው ዳር ጠፋች፤ ምግቧን እያቋረጠች መጣች፤ በመጨረሻም ታጥቦ የታጠፈ ልብስ ባለበት ቅርጫት ውስጥ ሸናች። በዚህ ጊዜ የባለቤቴ ትዕግሥት አለቀና «ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ፤ በጆንያ አድርጎ ከወንዙ ማዶ የሚጥላት ሰው ይፈለግ» አለች። ባለቤቴ ጨካኝ አይደለችም። ያስቸገረ ድመት በጆንያ ታስሮ ከሩቅ ቦታ መጣሉ በአገራችን የቈየ ልማድ ስለ ሆነ ነው። ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እህላችንን ከአይጥ የጠበቀች እንስሳ በስተርጅናዋ ለጅብና ለውሻ ልትሰጥ ነበር። እኔም የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ለመንሁ።

ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ሀብት ባይኖረው ጊዜ አለው። ከማድ ቤቱ በር ትይዩ ወንበር አስቀምጬ፥ መጽሐፍ የማነብ መስዬ እጠብቅ ጀመር። ያየሁትም ይህ ነው። የሁለቱም ምግብ የሚቀመጠው በማድ ቤቱ ጥግ ነው፤ ወደዚያ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው። ነብሮ ጠግቦ ከበላ በኋላ ይወጣና በመድረኩ ላይ ጋደም ይላል። አይጮኽም፥ ጥፍሩን አያወጣም፤ ዓይኑን ግን ከእመት ላይ አይነቅልም። እርሷ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች፤ ትቆማለች፤ ሌላ ወገን የምታይ መስላ ፊቷን ታዞራለች፤ ተመልሳም ከአልጋ ሥር ትገባለች። ይህን በአንድ ጧት አራት ጊዜ ቈጠርሁ። በአምስተኛው ረኀቡ አይሎባት ልታልፍ ብትሞክር ነብሮ ጅራቱን አወዛውዞ ብድግ አለ፤ እመትም «ፍሽ» አለች። በዚያው ቅጽበት ከሳሎን ጫማ ተወረወረ፤ የተወረወረውም በእርሷ ላይ ነው።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ ሲፈርድ የነበረው በድምፅ ነበር ማለት ነው። ጠቡ ተጀመረ ብለው የሚያስቡት የፈራችው በጮኸች ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የግማሽ ሰዓት ዝምታ ማንም የጠብ ክፍል አድርጎ አልቈጠረውም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ባስተማርሁበት ዘመን ይህን ዐይነት ነገር በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። አንዱ ተማሪ በጠረጴዛው ሥር የሌላውን እግር ቀስ አድርጎ ይረግጣል፤ የተረገጠው ይጮኻል፤ መምህሩም ከሰሌዳው ዞር ሲል የሚያየው የጮኸውን ብቻ ነው። ድመቶችን የሚያጠኑ ሐኪሞችም ይህንኑ ይላሉ፤ በአንድ ቤት በሚኖሩ ድመቶች መካከል ካለው ጠብ ብዙው ትኵር ብሎ በማየት፥ መንገድ በመዝጋትና ቦታ በማስለቀቅ የሚፈጸም ድምፅ የሌለው ጠብ ነው፤ ባለቤቶቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ አያስተውሉትም።

ይህን የሚሰማ አንባቢ ወዲያው ፍርዱን ገልብጦ «እንግዲያው በደለኛው ነብሮ ነው፤ ጫማው በእርሱ ላይ ይወርወር» ይል ይሆናል። እኔ ግን በዚህም አልስማማም። ነብሮ ያደገበትን ቤት በአንድ ቀን አጥቶ፥ ሽታውን በማያውቀው ግቢ ውስጥ የተጣለ ያልተኰላሸ ጐረምሳ ነው። ምግብ ያለበትን በር መጠበቁ የክፋት ሥራ አይደለም፤ በዱር ቢሆን ኖሮ ሕይወቱን የሚያድንበት ጥበብ ይህ ነበር።

የድመትን ትውልድ መመርመር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የአንድ ሺህ ያህል ድመቶችን ዘር መርምረው ያሳተሙ ሊቃውንት የቤት ድመት ሁሉ የሚወለደው ፌሊስ ሊቢካ ከተባለው የዱር ድመት መሆኑን አስረድተዋል። ይህ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ይገኛል። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቈጠረ መቃብር ውስጥ ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብራ መገኘቷም በ2004 እ. ኤ. አ. ተገልጿል። ስለዚህ ወዳጅነታችን ያረጀ ነው። ነገር ግን ከድመት ጋራ የተዋዋልነው እኛ ነን እንጂ ድመትና ድመት እርስ በርሳቸው የተዋዋሉት ነገር እምብዛም የለም። ተኵላ በመንጋ ያድናል፥ በመንጋም ይበላል፤ ከድመት ወገንም አንበሳ እንዲሁ ያደርጋል። የዱር ድመት ግን ብቻውን ያድናል፤ የሚይዘውም አይጥና ወፍ ስለ ሆነ ለሌላ የሚተርፍ የለውም። ምግብ በበዛበት ቦታ ድመቶች ተሰብስበው መኖራቸው እውነት ነው፤ ያን ጊዜም የሚስማሙት አብዛኛውን ጊዜ እናትና ልጅ፥ እኅትና እኅት የሆኑት ናቸው። እመትና ነብሮ ዘመዳሞች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን አልመረጠም፤ በሩንም ከፍተው መሄድ አይችሉም።

አርስጣጣሊስ ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፥ በአምስተኛው ክፍል፥ ፍትሕን በሁለት ይከፍላታል። አንደኛዋ በሰዎች መካከል የተፈጸመውን በደል የምታቃና ናት፤ ሁለተኛዋ ያለውን ነገር ለሚገባቸው የምታከፋፍል ናት። «ማን ጀመረው?» የምትለው የመጀመሪያይቱ ናት። እርሷም የምትሠራው በደለኛው በደሉን የሚያውቅ፥ ቅጣቱንም ከሥራው ጋራ ሊያገናኝ የሚችል ሲሆን ነው። ድመት በጫማ ስትመታ «ስለ ጮኽሁ ተመታሁ» ብላ አታስብም፤ ነብሮ ባለበት ሁሉ ሕመም እንደሚመጣባት ትማራለች እንጂ። ከዚያ በኋላ የምትጠላው ያንኑ ድመት ነው፤ ጥላቻውም በየቀኑ ይጨምራል። ስለዚህ በድመቶች መካከል የሚያቃና ፍትሕ ሥፍራ የለውም፤ የሚቀረው የሚያከፋፍለው ነው። ይህ ደግሞ ጥያቄውን ከድመቶቹ አንሥቶ ሳህኑን፥ በሩንና ማንደጃውን በእጁ ወደ ያዘው ሰው ያዞረዋል።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «አንተ ነገር ታበዛለህ፤ ተዋቸው፥ ይጣሉና ብርቱው ይግዛ፤ ደካማውም ይገዛና ሰላም ይሆናል» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። በአንዳንድ እንስሳት ዘንድ ነገሩ በከፊል እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ፍራንስ ደ ቫል የተባለ ሊቅ ከባልደረባው ጋራ በ1979 እ. ኤ. አ. እንዳሳተመው፥ ቺምፓንዚዎች ከተጣሉ በኋላ ተፈላልገው ይሳሳማሉ፤ ይተቃቀፋሉ። ድመት ግን እንዲህ ያለ የእርቅ ሥርዓት ብዙም አይታይባትም። የእርሷ እርቅ መራቅ ነው፤ ተሸንፋ የምትርቅበት ቦታ ከሌላት ጠቡ አያልቅም። ወዳጄ ሰላም ያለው ነገር የተሸነፈችው ከአልጋ ሥር ገብታ መቅረቷን ነው። በዚያም ትከሳለች፤ ከቦታዋ ውጭ ትሸናለች፤ በጭንቀት ምክንያት የፊኛ ሕመም የሚይዛቸውም አሉ። ቤቱ ጸጥ ማለቱ እውነት ነው፤ ጸጥ ያለው ግን የምትጮኸው ስለ ደከመች ነው።

በቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ውስጥ ያደረግነውን በአጭሩ ልናገር። ነብሮን ለብቻው በዕቃ ቤት አስቀመጥነው፤ ውሃውንም፥ ምግቡንም፥ አሸዋ የተሞላ ሣጥኑንም እዚያው አደረግንለት። ድመት የምታምነው ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን ነው፤ በጕንጯና በግንባሯ ባሉት ዕጢዎች ዕቃውንም ወዳጇንም እያሸች የቤቱን ሽታ አንድ ታደርገዋለች። ስለዚህ ነብሮ የተኛበትን ጨርቅ ለእመት፥ የእመትን ለነብሮ እየለዋወጥን አነጠፍን። ከዚያም በተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ፥ መጀመሪያ ራቅ አድርገን በኋላም እያቀረብን አበላናቸው፤ የአንዱ ሽታ ለሌላው የምግብ ሰዓት ምልክት ሆነ። ነብሮንም በእንስሳት ሐኪም አስኰላሸነው፤ ሁለቱንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብናቸው። ይህን የመጨረሻውን ማንም ቸል አይበለው። በአገራችን ይህ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። የተጣሉ ድመቶችን ለመገላገል እጁን በመካከላቸው የሚያገባ ሰው መነከሱ አይቀርም፤ በመካከላቸው ጣውላ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ማስገባት ይሻላል። የተነከሰም ቢኖር ቍስሉን በውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከሁሉ የበለጠው ሥራ ግን የቦታው ክፍፍል ነበር። በ2013 እ. ኤ. አ. የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበርና ዓለም አቀፉ የድመት ሕክምና ማኅበር በጋራ ባወጡት መመሪያ፥ ለድመት ምግብ፥ ውሃ፥ መጸዳጃና ማረፊያ በብዙ ሥፍራ፥ አንዱ ከሌላው ተራርቆ እንዲሰናዳ ይመክራሉ። ባለሙያዎች የድመቶቹን ቍጥር ያህል አድርጎ አንድ መጨመርን እንደ ደንብ ይይዛሉ። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለሰው ነበር፤ ለድመትም ሠራ። ሚስጥሩ ያለው በመራራቁ ላይ ነው። ሁለት ሳህን ጐን ለጐን ቢቀመጥ በሩን ለያዘው ድመት እንደ አንድ ሳህን ነው፤ በአንድ ዘብ ሁለቱንም ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የእመትን ሳህን ወደ መኝታ ቤት ወሰድን። ከማድ ቤቱም መስኮት ሥር አንድ መደርደሪያ ተመታ፤ በሩ ቢያዝ በመስኮቱ ትወጣለች። በቁም ሣጥኑ ላይ አሮጌ ጋቢ ተነጠፈላት፤ ጕልበቷ ደክሟልና እንድትወጣበት በርጩማና ሣጥን በደረጃ ተደረደረ። ነብሮ መሰላል አያስፈልገውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ጕልበቱን የሚጨርስበት ነገር ነው። ልጆቹ በገመድ ጫፍ ጨርቅ አስረው በቀን ሁለት ጊዜ ያሯሩጡታል።

በዚህ ላይ የአሥር ዓመቷ የልጅ ልጄ ተቃወመችኝ። «አባባ፥ ለእመት ሦስት ነገር ሰጠን፤ ለነብሮ አንድ ገመድ ብቻ። ይህ አድልዎ ነው» አለችኝ። ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም በዚሁ ላይ ይሰናከላሉና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ ምግብ የሚያከፋፍሉልን ሴት ለታመመ ልጅ ወተት ጨምረው ሲሰጡት እናጕረመርም ነበር። እርሳቸውም አንድ ቀን ጽዋውን ይዘው ወደ እኛ ዞሩና «ከበሽታውም ጭምር የሚካፈል ማን ነው?» አሉን፤ ማንም እጁን አላወጣም። ለልጅቱ ይህንኑ ነገርኋት። ለሁሉ አንድ ዐይነት መስጠት ለሰጪው ይቀላል፤ ማየትና ማሰብ አያስፈልገውምና። የነብሮን ፍላጎት የእመት ያህል ትኵር ብሎ መመልከት ግን እኩልነት ነው፤ እኩል የሆነው ትኵረቱ ነው፥ ዕቃው ባይሆንም።

ሾፐንሃወር የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1851 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጃርቶች አንድ ምሳሌ አለው። በብርድ ቀን ጃርቶች ሙቀት ፈልገው ይጠጋጋሉ፤ እሾኻቸው ሲወጋጋ ይራራቃሉ፤ እንዲህ ሲሉ ቈይተው በመጨረሻ ለሁሉም የሚስማማውን ርቀት ያገኛሉ። በደብረ ብርሃን ክረምት ይህን ምሳሌ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልግም። ነገር ግን ፈላስፋው የተወው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። የእርሱ ጃርቶች ነፃ ናቸው፤ መጠጋቱም መራቁም በእጃቸው ነው። በቤታችን ያሉ ድመቶች ግን የሚራራቁት ግድግዳው እስከ ፈቀደላቸው ድረስ ነው፤ ግድግዳውንም ያቆምን እኛ ነን። ልከኛውን ርቀት ራሳቸው እንዲያገኙት መተው የሚቻለው አስቀድሞ ርቀት ሲኖር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው በሰዎችም ጠብ ማን ጀመረው ብለን አንጠይቅ» የሚል ወጣት ቢኖር በብርቱ እቃወመዋለሁ። ሰው ሕሊና አለው፤ መካስ ይችላል፥ ይቅርታ መጠየቅ ይችላል። በደል የተፈጸመበትን ሰው «ቦታ አስፍተንልሃልና ዝም በል» ማለት ሌላ በደል ነው። በሰው ላይ ሁለቱም ፍትሖች ይሠራሉ። ሆኖም አንድ ሳህንና አንድ በር ብቻ ባለበት ቤት፥ ልጆች ሲጣሉ በደለኛውን ለመፈለግ የሚሮጥ ወላጅ የሳህኑን ነገር ሳይመለከት ስንት ጊዜ እንደሚፈርድ ብታስቡት መልካም ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መጽሐፍ ሲያጠኑ፥ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቍልፍ ሲገለገሉ የሚነሣውን ጠብ ሁሉ ጠባይ ላይ መለጠፍ ለአለቃው ይመቸዋል፤ መጽሐፍ ከመግዛት ተግሣጽ ይረክሳልና።

የእመትና የነብሮ ነገር በሁለት ሳምንት አላለቀም፤ ባለቤቴ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አራዘመችልኝ። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ጕርምርምታ ለመዋል እስከ ጥቅምት ድረስ ፈጀባቸው። ዛሬ ማታ ማታ ከማንደጃው ግራና ቀኝ፥ በመካከላቸው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ትተው ይተኛሉ። አንዳንድ ጊዜ የባዕድ ድመት በአጥሩ ላይ ሲያልፍ በመስኮት አይተው ይቈጡና ቍጣቸውን እርስ በርሳቸው ይወጡታል፤ ያን ጊዜ መጋረጃውን ጋርደን ለጥቂት ሰዓት እንለያቸዋለን። ተቃቅፈው ሲተኙ ወይም ሲላላሱ አይቼ አላውቅም። ልጅቱ «አሁን ይዋደዳሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ እንደማይዋደዱ እነግራታለሁ። እርሷ ግን አንድ ቀን እንደሚዋደዱ ተስፋ አልቈረጠችም፤ አፍንጫቸውን ልታነካካቸው ስትል ግን እከለክላታለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎላቸውም አብረው መኖር የማይሆንላቸው ድመቶች አሉ። ያን ጊዜ መለያየት ተገቢ ነው፤ መለያየት ግን በጆንያ አስሮ መጣል አይደለም። ከእኛ በላይ ያለው ግቢ ጐረቤቶቻችን አምና ከሦስት ድመቶቻቸው አንዷ ከሌሎቹ ጋራ ፈጽሞ አልስማማ ስትላቸው ለአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሰጧት። ስትሄድም የተኛችበትን ጨርቅና የምትበላበትን ሳህን አብረው ላኩላት፤ ሰውዬው የመጀመሪያውን ሳምንት በዕቃ ቤቱ ዘግቶ እንዲያቈያትና ወፍጮው በሚዞርበት ሰዓት የምትሸሸግበት ሣጥን እንዲያኖርላት ነገሩት። በስምንተኛው ቀን መብላት መጀመሯን ሊነግራቸው ራሱ መጣ፤ ለባዶ እጁም እንዳይሆን ብሎ አንድ ቍና ሽሮ ይዞላቸው ነበር።